ብረት ስለነካው አይበተንም፤ ሁሉም ሽፍታ ግን አይቆረጥም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ቆዳ ሕመም በተጻፈ ቁጥር ባዮፕሲ የሚለው ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነክቶ ያልፋል። አንባቢው ግን ቃሉን ይዞ ይመጣል። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቆዳ ክፍል የሚመጣ ሰው ስለ ባዮፕሲ ከሁለት አንዱን አምኖ ነው የሚመጣው። ወይ «ብረት ከነካው ይበተናል» ብሎ ይሸሻል፤ ወይ ደግሞ ተቆርጦ ካልታየለት ሐኪሙ ምንም እንዳላየለት ቆጥሮ «ለምን ናሙና አትወስዱልኝም?» ይላል። ሁለቱም መታረም ስላለባቸው ይህን ጻፍን። ደብዳቤው ረዘም ይላል፤ ቦታ ካጠራችሁ ስለ ስፌቱ የጻፍነውን ቀንሱ እንጂ ስለ ፎርማሊኑ፣ ናሙና እንዳይበሰብስ ስለሚያቆየው ፈሳሽ፣ ያለውን አትንኩብን።

ከፍርሃቱ እንነሳ። ባዮፕሲ ማለት ከታመመው ቆዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምስር ፍሬ የምታክል ሥጋ በማደንዘዣ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህ የቆዳ ካንሰርን አይበትንም። ወሬው ከየት እንደተነሳ መገመት ግን አይከብድም። ብዙ ሰው የሚመጣው ቁስሉ ዓመት ከደፈነ፣ ብሽሽቱ ወይም ብብቱ ውስጥ ዕጢ ካበጠ በኋላ ነው። ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ ሲነገር በሽታው አስቀድሞ ተጉዟል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው ግን መጨረሻ ላይ ያየውን ነገር፣ ብረቱን ነው። ነገሩን በእውነት የሚያበላሹት ሌሎች ናቸው፦ የቁልቋል ወተት መቀባት፣ በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ማቃጠል፣ ጥቁር ነጥብን «ኪንታሮት ነው» ብሎ አንስቶ መጣል። ይህ የመጨረሻው ጥፋት የእኛ የባለሙያዎቹም ነው። ከሰው ገላ ተቆርጦ የወጣ ጥቁር እብጠት ቦታው ፎርማሊን ውስጥ እንጂ ቅርጫት ውስጥ አይደለም። ሜላኖማ የሚባለው ጥቁር የቆዳ ካንሰር ከሆነ ከላይ እስከ ታች ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የሕክምናው ዕቅድ የሚወጣው በዚያች ልኬት ነው። ከተቃጠለ ወይም ከተጣለ በኋላ ግን የሚለካ ነገር የለም።

ወደ ሁለተኛው ወገን እንምጣ። ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ በጣቶች መሃልና በእጅ አንጓ ላይ የተበተኑ ትናንሽ ሽፍታዎች፣ ቤት ውስጥ ሌላም የሚያሳክከው ሰው ካለ ነገሩ እከክ ነው። የሚፈልገው መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን መታከሙን፣ ልብስና አንሶላ መታጠቡን ነው። አልማዝ ባለጭራ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተዘርግታ ውሃ ስትቋጥር ዓይን ይበቃታል። ለምጽም ማድያትም እንዲሁ። ጭርትና ቋቁቻ ሲጠረጠሩ የሽፍታው ጠርዝ በምላጭ በስሱ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው ስላይድ ላይ ከ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ጋር ተቀላቅሎ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ፈንገስ ካለ ክሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ደም የለ፣ ስፌት የለ።

እዚህ ላይ ሐኪሙን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት የቤታሜታሶንና የክሎቤታሶል ቅባቶች የጭርትን መልክ ያጠፋሉ። ቀለበቱ ይደበዝዛል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ማሳከኩ ጋብ ይላል፤ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። እንዲህ ሆኖ የመጣን ቆዳ አይቶ የማይጠራጠር ሐኪም የለም፤ ባዮፕሲ የሚታዘዘውም ያኔ ነው። ቅባቱን አቁሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና መፋቅ ብዙ ጊዜ ከምላጩ ያድናል። ስለዚህ ታካሚ ሲመጣ የተቀባውን ሁሉ፣ ባዶውን ቱቦ ጭምር፣ ይዞ ይምጣ። «ነጭ ቅባት» ብቻ ቢለን ከየትኛው ነጭ እንጀምር?

በዳርቻው ሰፈሮች ሌላው ብዙ የሚታየው የሲሚንቶ ችፌ ነው። ኮንዶሚኒየም በሚሠራበት ሁሉ ቡኮ በባዶ እጅ የሚያቦካ፣ ውሃ ባስገባ ቦቲ የሚውል ሠራተኛ አለ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ አልካሊነቱ ያቃጥላል፣ ውስጡ ያለው ክሮሚየም ደግሞ አለርጂ ይፈጥራል። እጁ ይሰነጠቃል፣ ይደማል፣ ያዥጣል። ከዚህ እጅ ናሙና ቢወሰድ ፓቶሎጂው፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ክፍል፣ የሚመልሰው «ችፌ ነው» ብሎ ነው፤ ከምን እንደመጣ ማይክሮስኮፕ አይናገርም። የሚናገረው ጥያቄ ነው። በበዓል ሰሞን ሥራ ሲቆም ይሻለዋል? ጓንት ሲያደርግስ? ከዚያ ካለፈ በጀርባ ላይ የሚለጠፈው የአለርጂ ምርመራ ነው፤ 48 ሰዓት ቆይቶ ይነሳል፣ በዚያው ቀንና ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ይነበባል። የአበባ እርሻ ሠራተኞች የእጅ ሽፍታም በዚሁ መንገድ ነው የሚመረመረው።

የሥጋ ደዌ ነገር ራሱን የቻለ አንቀጽ ይገባዋል። አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጠርዝ ላይ የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነው፤ እዚያው ግቢ ያለው የምርምር ተቋምም ስሙን የያዘው ባክቴሪያውን በ1873 እ.ኤ.አ. ከለየው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከአርማወር ሀንሰን ነው። ይህን ያህል ታሪክ ያለው በሽታ ሆኖም ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ መቁረጥ አያስፈልግም። የጥጥ ጫፍ እንደ ክር ይሾላል። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል። ጥጡ ቆዳውን በስሱ ይነካል፣ አይጎተትም፤ ታካሚው የተነካበትን በጣቱ ያሳያል። መጀመሪያ በጤነኛው ቆዳ፣ ቀጥሎ በነጣው ወይም በቀላው ምልክት ላይ። በጤነኛው እያገኘ በምልክቱ ላይ ደጋግሞ ከሳተ ስሜቱ ጠፍቷል። ቀጥሎ ነርቮች ይዳሰሳሉ፤ በክርን በስተውስጥ በኩል ያለው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው፣ በአንገት ጎን ያለው። አንዱ ከሌላው ወፍሮ እንደ ገመድ ከተሰማ ትልቅ ምልክት ነው።

ስሚርም፣ ከቆዳው ተፍቆ ስላይድ ላይ የሚቀባው ናሙና፣ አለ። የጆሮ ጫፍ ወይም የምልክቱ ጠርዝ ደሙ እስኪሸሽ በሁለት ጣት ይቆነጠጣል፤ በምላጭ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይሰነጠቃል፤ ሳይለቀቅ ምላጩ ዞሮ የስንጥቁ ግድግዳ ይፋቃል። የሚፈለገው ፈሳሹና ሥጋው ነው፤ ደም ከገባበት ስሚሩ ይበላሻል። ባዮፕሲ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ታይተው ጥርጣሬው ካልተቋጨ ነው፤ ለምሳሌ ምልክቱ ፊት ላይ ሆኖ የስሜት ምርመራው አልለይ ሲል። የፊት ቆዳ ነርቭ የበዛበት ስለሆነ ሥጋ ደዌ እያለም ስሜቱ ላይጠፋ ይችላል።

ቁንጭርም፣ በአንዳንድ አካባቢ ሻህኝ የሚባለው፣ ከዚሁ ወገን ነው። ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደላማ ደጋ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚገባ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ነው፤ ከዚያ አካባቢ ወደ ዳርቻው የገባ ሰው ፊቱ ላይ ወራት የቆየ እብጠት ወይም ቁስል ካለው መጀመሪያ የሚደረግለት ከጠርዙ ስሚር ወስዶ በጂምሳ ቀለም ማየት ነው። ከቁስሉ መሃል አይወሰድም፤ እዚያ ያለው መግልና የሞተ ሥጋ ነው። ተደጋግሞ ጥገኛው ካልተገኘና ጥርጣሬው ካልለቀቀ ያኔ ናሙና ይቆረጣል። ሲቆረጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ሥጋዋ ፎርማሊን ከመግባቷ በፊት የተቆረጠው ገጿ በጎዝ ደሙ ተመጦ ስላይድ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ በስሱ ትነካ። ከአንዷ ቁራጭ ሁለት ምርመራ ይወጣል፤ የስላይዱ ውጤት ደግሞ በዕለቱ ሊታወቅ ይችላል።

ታዲያ መቼ ነው የግድ የሚቆረጠው? ደፍረን የምንናገረው እዚህ ላይ ነው።

በአግባቡ ታክሞና ታሽጎ ሦስት ወር ያልዳነ ቁስል፣ በተለይ ጠርዙ ከፍ ከፍ ያለና የጠጠረ፣ ሲነካ የሚደማ። በቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜት ባጣ ውስጥ እግር ላይ ለዓመታት የኖረ ቁስል በድንገት እንደ አበባ ጎመን ማደግና መሽተት ከጀመረ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያው ሳምንት ይቆረጥ። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ፊት፣ ከንፈር፣ ጆሮ ወይም የእጅ ጀርባ ላይ የማይድን ቅርፊት ሲወጣም ወር አይጠበቅም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከፍታ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ከቆላው የበለጠ ቆዳን ይበላል፤ ብርድ መስሎት ባርኔጣውን ቤት የሚተው ብዙ ነው።

ጥቁር ሰው ሜላኖማ አይዘውም የሚል ወሬም አለ። ይይዘዋል። ቦታው ነው የሚለየው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ውስጥ እግር ላይ እየሰፋ የሄደ፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው የጠቆረ ምልክት፤ ወይም በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ እየወፈረ ሄዶ የጥፍሩን ሥር ቆዳ ጭምር ያጠቆረ መስመር ሳይቆረጥ አይታለፍም። ጫማ ያቆሰለው፣ እንቅፋት የመታው እየመሰለ ወራት ያልፋሉ። ከተቻለ እንዲህ ያለው ምልክት ከዳሩ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ይዞ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሰፊ ከሆነ በጣም ከወፈረውና ከጠቆረው ቦታ ይወሰዳል። ላይ ላዩን መላጨት ግን ጥልቀቱን ለሁለት ቆርጦ መጣል ነው።

ወይን ጠጅ የመሰሉ የማያሳክኩ ነጠብጣቦችና እብጠቶች በእግር፣ በአፍንጫ ጫፍ ወይም በላንቃ ላይ ሲወጡ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር ይጠረጠራል፤ የኤችአይቪ ምርመራና ናሙና አብረው ይሄዳሉ። ለዓመታት ችፌ እየተባለ የታከመ፣ በጭንና በመቀመጫ አካባቢ ፀሐይ በማያገኘው ቆዳ ላይ ቦታ ቦታ የያዘ የማይነቃነቅ ሽፍታ የቆዳ ሊምፎማ፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር፣ ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ ናሙና ብዙ ጊዜ አይገልጠውም፤ ቅባቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆሞ ከሁለት ሦስት ቦታ ይወሰዳል፣ ካስፈለገም ከወራት በኋላ ይደገማል። ያለ ቃጠሎ ውሃ እየቋጠረ የሚልጥ ቆዳ፣ በተለይ አፍ ውስጥም ከጀመረ፣ ሁለት ናሙና ይፈልጋል፤ የዚህን ምክንያት ወረድ ብለን እንናገራለን።

ከመቁረጥ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የት እንደሚቆረጥ ማወቅ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ሰው ከመጥፎ ቦታ ቢወስድ ውጤቱ መጥፎ ነው። ለቁስል፦ ከጠርዙ፣ ቁስሉንና ያልቆሰለውን ቆዳ አያይዞ፤ ትልቅ ከሆነ ከሁለት ሦስት ማዕዘን። የቁስሉ መሃል ሲወሰድ ፓቶሎጂው «የሞተ ሥጋና መግል» ብሎ ይመልሳል፣ ሰውየውም ካንሰር የለብህም የተባለ ይመስለዋል። የደም ሥር ብግነት ሲጠረጠር ከ24 እስከ 48 ሰዓት የሆነው አዲሱ ነጥብ ይመረጣል፤ ያረጀው ምልክቱን ጥሏል። ውሃ ለቋጠረ ቆዳ አንደኛው ናሙና ከአዲስ ውሃ ቋጠሮ ጠርዝ ተወስዶ ፎርማሊን ይገባል። ሁለተኛው ከቋጠሮው አጠገብ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ካለ ጤነኛ መሳይ ቆዳ ተወስዶ ኢሚዩኖፍሎረሰንስ ለሚባለው፣ ፀረ እንግዳ አካላትን በሚያበራ ቀለም ለሚያሳየው ምርመራ፣ የተለየ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁለተኛው ለአፍታ እንኳ ፎርማሊን ከነካው ለዚያ ምርመራ አይውልም። የፀጉር መመለጥ ከሆነ ከነጣው መሃል ሳይሆን ገና ከሚነቃቀለው ዳር፤ ምላጩም የፀጉሩን አቅጣጫ ይከተላል። ከቆዳ ሥር ያለ የሚያም እብጠት ከሆነ ደግሞ በትንሿ ክብ ምላጭ አይሞከርም፤ ስቡ እስኪደረስ በስኬልፔል፣ በቀዶ ሕክምና ቢላ፣ ሞላላ ተደርጎ ይወሰዳል።

የማይቆረጥባቸው፣ ወይም ቢቆረጥ ልምድ ያለው ሰው ብቻ የሚቆርጥባቸው ቦታዎችም አሉ። በጆሮ ግንድ አካባቢ ቅንድብ የሚያነሳው ነርቭ ላዩን ያልፋል። በአንገት ጎን ክንድ ለማንሳት የሚረዳው ነርቭ እንዲሁ። ደረትና ትከሻ ኬሎይድ፣ አብጦ የሚያድግ ጠባሳ፣ ያበዛሉ፤ ከጉልበት በታች ደግሞ ቶሎ አይድንም፣ ስኳር ላለበት ሰው በተለይ። ምርጫ ካለ ከወገብ በላይ ያለው ምልክት ይመረጣል።

አሠራሩ ራሱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ምልክቱ ከመደንዘዙ በፊት በቀለም ይከበባል፤ መርፌው ቆዳውን ነፍቶ ሲያነጣው ሽፍታው ይሰወራልና። ለ4 ሚሊ ሜትር ክብ ምላጭ፣ ፓንች ለምንለው፣ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ በቂ ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አድሬናሊን የሌለው የ2 በመቶ ሊዶኬይን ጣሪያው 11 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለባዮፕሲ ማንም እዚያ አይደርስም፣ ሕፃን ሲሆን ግን መቁጠር ያስፈልጋል። አድሬናሊን ካለበት ደሙ እንዲሸሽ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ቆዳው በሁለት ጣት ከተፈጥሮ መስመሩ አግድም ይወጠራል፤ ሲለቀቅ ክቡ ቀዳዳ ሞላላ ይሆንና በአንድ ወይም ሁለት ስፌት ይገጥማል። ፓንቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረ ይወርዳል፤ ወዲያ ወዲህ ከተባለ ሥጋው ይቀደዳል። ስቡ ሲደረስ ቁራጯ በመርፌ ጫፍ ተነስታ ከሥሯ በመቀስ ትቆረጣለች። በወረንጦ አትጨመቅ። በወረንጦ የተጨፈለቀች ናሙና በማይክሮስኮፕ ስትታይ ሕዋሳቷ ተጎትተው ሰማያዊ ክር ብቻ ሆነው ነው የሚገኙት፤ ሊምፎማ ይሁን ብግነት ማንም አይለየውም።

አሁን ፎርማሊን። ይህ ነው ብዙ ናሙና የሚያልቅበት። ከአንዳንድ ትንንሽ ክሊኒኮች ናሙና በሳላይን (በጨው ውሃ)፣ በአልኮል፣ አንዳንዴም ደርቆ በጎዝ ተጠቅልሎ ይደርሳል። ሳላይን ውስጥ የከረመች ሥጋ ትበሰብሳለች፤ የደረቀች እንደ ቆዳ ማሰሪያ ትጠነክራለች። ትክክለኛው 10 በመቶ ፎርማሊን ነው፦ ከገበያ የሚመጣው 37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ አንዱ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ። ለአንድ ሊትር 4 ግራም ሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ይጨመርበታል። ይህ ጨው ሲታለፍ ፈሳሹ ወደ አሲድነት ይሄዳል፤ አሲድ የሆነ ፎርማሊን ከደም ጋር ጥቁር ቡናማ ዱቄት ይሠራና ሥጋው ላይ ይነጠፋል፤ ያልለመደ ዓይን ሜላኒን፣ የቆዳው ጥቁር ቀለም፣ ሊመስለው ይችላል። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ቁራጭ 10 ሚሊ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚገባው። ትልቅ እብጠት በትንሽ ብልቃጥ ታጭቆ ሲላክ ዳሩ ይጠበቃል፣ መሃሉ ይበሰብሳል። ፍሪዘር ውስጥ አይቀመጥ፤ ሲቀዘቅዝ የሚሠራው በረዶ ሕዋሱን ይበሳሳዋል። የክፍሉ ሙቀት ይበቃዋል። በላቦራቶሪ አብቅሎ የሚለይ ጀርም፣ ቲቢ ወይም የጥልቅ ፈንገስ፣ ከተጠረጠረ ግን አንድ ቁራጭ በንጹሕ ሳላይን ለብቻው በዕለቱ ይላክ፤ ፎርማሊን የነካው ሥጋ ላይ ምንም አይበቅልም።

ከዳርቻ ጤና ተቋማት ናሙናውን ብዙ ጊዜ የሚያጓጉዘው ታካሚው ራሱ ነው። ብልቃጡ በኪስ ውስጥ ሆኖ ታክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀየራል። ክዳኑ በጠመዝማዛ የሚዘጋ፣ በፕላስተር የታሸገ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ይሁን። የውሃ መጠጫ ጠርሙስ ለዚህ አይዋል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፤ ፎርማሊን መርዝ ነው፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩና የተወሰደበት ቦታ በብልቃጡ ገላ ላይ ይጻፍ። ክዳን ላይ የተጻፈ ስም ከሌላ ብልቃጥ ክዳን ጋር ሲለዋወጥ አንዱ ያለ በሽታው ይቆረጣል፣ ሌላው ያለ መድኃኒት ይቀራል። ሁለት ቦታ ከተወሰደ ሁለት ብልቃጥ።

ወረቀቱም የናሙናው ግማሽ ነው። «ሽፍታ፣ ባዮፕሲ ይደረግ» ብቻ የሚል ማዘዣ ለፓቶሎጂስት ሰላምታ እንኳ አይሆንም። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቦታ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደተቀባና እንደተዋጠ፣ የተጠረጠሩት ሁለት ሦስት በሽታዎች ይጻፉ። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። የተለመደው ቀለም ሁሉን አያሳይም፤ ሥጋ ደዌ ከተጠረጠረ ፋይት፣ ፈንገስ ከሆነ ፒኤኤስ፣ ቲቢ ከሆነ ዚል ኒልሰን የሚባል ተጨማሪ ቀለም መታዘዝ አለበት። ያልተጠየቀው አይቀባም፤ ያልተቀባውም አይታይም። ሥጋ ደዌ፣ ቁንጭርና የቆዳ ቲቢ በተለመደው ቀለም ግራኑሎማ የሚባለውን ተመሳሳይ የሕዋስ ክምችት ሊያሳዩ ይችላሉ። ለመለየት ከሚረዱት አንዱ ክምችቱ ነርቭን ተከትሎ መሄዱ ነው። የጥጡን ምርመራ ውጤት ማዘዣው ላይ የጻፈ ጤና መኮንን ፓቶሎጂስቱን የት እንደሚመለከት አመልክቶታል።

ውጤቱ «የተለየ ነገር የሌለው ብግነት» ብሎ ሲመጣ በሽታ የለም ማለት አይደለም። በዚያች ቁራጭ ላይ ያልተገኘ ነገር ነው የተነገረው። ዓይን የሚያየውና ወረቀቱ የሚለው ካልተጣጣሙ መጀመሪያ ፓቶሎጂስቱን ደውሎ ማነጋገር፣ ናሙናው በሰም የተቀበረበት ብሎክ በጥልቀት እንደገና እንዲቆረጥ መጠየቅ፣ ካልሆነ ሌላ ናሙና መውሰድ ነው። «ነጌቲቭ ነው» ተብሎ የተሰናበተ የማይድን ቁስል በእኛ ግምት ካልተመረመረው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ባለቤቱ ተረጋግቶ ቤቱ ይቀመጣልና።

ለታካሚው የሚቀረው ትንሽ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ስኳር ያለበት ወይም ማደንዘዣ ያሳከከው ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቁም። የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ቁስሉ ይድረቅ፤ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ቀስ ብሎ ታጥቦ ቫዝሊን ተቀብቶ ይሸፈን። ከደማ ሳይገልጡ ለ15 ደቂቃ ሙሉ መጫን ነው፤ በየደቂቃው እያነሱ ማየት ደሙን ያስቀጥለዋል። ጠበል ለሚሄድ ሰው፣ ስፌቱ እስኪወጣ መጠጣቱ ይበቃል፤ መነከሩ ይቆይለት። ስፌት ከፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ከገላ ላይ ከ10 እስከ 14፣ ከእግር ላይ 14 ቀን ገደማ ሲሆነው ይወጣል። ሕመሙ እየጨመረ፣ መግል እየያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

አንድ ጥያቄ ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች፣ በእናንተ በኩል። ተቆርጠው፣ ተመርምረው፣ ታትመው መሳቢያ ውስጥ የቀሩ ውጤቶች አሉ። የዳርቻው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ቤት ይቀይራል፤ ስልኩም ይቀየራል። ቅጹ ላይ ሁለት ስልክ ይጻፍ፣ አንዱ የጎረቤት ወይም የዘመድ ይሁን፤ የናሙናው መዝገብም ውጤቱ ለታካሚው የተነገረበትን ቀን የሚሞላበት አንድ ዓምድ ይጨመርለት። ያ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ስም በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ነርስ እየደወለች ትፈልግ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ማስመሪያ፣ እስክሪብቶና የስልክ ካርድ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንሠራ የቆዳ ሕክምናና የፓቶሎጂ ባለሙያዎች